የኬረላ ከተሞች የምክር ቤት ምርጫ ከባሕር ዳር ሲታይ

ታኅሣሥ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በህንድ ደቡባዊ ጫፍ የምትገኘው የኬረላ ግዛት ለከተማና ለገጠር ምክር ቤቶቿ የተሰጠውን ድምፅ ስትቆጥር ዋለች። ኮርፖሬሽን የሚባሉ ስድስት ትልልቅ ከተሞች፣ 86 አነስተኛ ከተሞችና 941 የመንደር ምክር ቤቶች በአንድ ሰሞን መርጠው ውጤታቸውን በአንድ ቀን ሰሙ። ቆጠራው የተጀመረው በእነርሱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፣ በእኛ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ስለነበር፣ ባሕር ዳር ውስጥ ነገሬ ብሎ የተከታተለው ሰው ጥቂት ይመስለኛል። የሩቅ አገር የሰፈር ምርጫ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም። እኔ ወደ ጉዳዩ የገባሁት እዚህ ለዓመታት ባስተማሩ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ምክንያት ነው። የተወለዱት አላፑዛ በምትባል፣ እንደ እኛዋ ከሐይቅ ዳር በተቆረቆረች የኬረላ ከተማ ነው። ስለ ምርጫው ሲያወጉኝ ቆይተው «ለመሆኑ የእናንተን ሰፈር በከተማው ምክር ቤት የሚወክለው ማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ የምመልሰው አጣሁ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትንና እርሳቸውን እየጠየቅኩ የተረዳሁትን እዚህ አሰፍራለሁ። የህንዱን ዘመን በፈረንጆቹ፣ የእኛን በእኛው አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ህንድ የፓርላማና የግዛት ምክር ቤቶች ምርጫ በማካሄድ የቆየ ልማድ ቢኖራትም፣ የከተማ ምክር ቤቶቿ ግን ለረጅም ዘመን የግዛት መንግሥታት ሲፈቅዱ የሚቋቋሙ፣ ሲከፉባቸው የሚበተኑ ነበሩ። ምክር ቤቱ በተቃዋሚ እጅ ሲገባ ወይም ሥራው ተበላሸ ሲባል ይፈርስና በቦታው አስተዳዳሪ ተብሎ የመንግሥት ሹም ይቀመጣል፤ ሹሙ የመጣው ለጊዜው ነው ቢባልም ጊዜያዊነቱ ማብቂያ የለውም። የያኔዋ ማድራስ፣ የዛሬዋ ቼናይ፣ የከተማ ምክር ቤቷ በ1973 ከፈረሰ በኋላ እንደገና የመረጠችው በ1996 ነው። ምክር ቤቱ በፈረሰበት ዓመት የተወለደ ሕፃን፣ ምርጫው ሲመጣ ለመምረጥ ብቻ ሳይሆን ለመመረጥም ዕድሜው ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ይህን ልማድ ለመስበር የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ራጂቭ ጋንዲ በ1989 ያቀረቡት የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በፓርላማው ላይኛው ምክር ቤት ወድቆ ቀረ። በናራሲማ ራኦ የጠቅላይ ሚኒስትርነት ዘመን፣ በ1992 መጨረሻ፣ 74ኛው ማሻሻያ ጸድቆ ከጁን 1 ቀን 1993 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ማሻሻያው ስለ ከተሞች ብቻ የሚናገር ራሱን የቻለ ክፍል በሕገ መንግሥቱ ውስጥ አስገባ። ከገጠር ወደ ከተማነት ለሚሸጋገር አካባቢ፣ ለአነስተኛ ከተማና ለትልቅ ከተማ ሦስት ዓይነት ምክር ቤቶች እንዲኖሩ ደነገገ። የከተማ ሥራ ናቸው የሚባሉትን፣ ከመንገድና ከውኃ እስከ ቆሻሻ ማንሣትና መካነ መቃብር፣ 18 ጉዳዮች በሠንጠረዥ ዘረዘረ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሳበኝ ግን ስለ ጊዜ የሚናገረው አንቀጽ ነው። የአንድ ከተማ ምክር ቤት ዘመን ለመጀመሪያ ስብሰባው ከተቀጠረበት ቀን አንሥቶ አምስት ዓመት ነው፤ ከዚያ አያልፍም። አዲሱ ምርጫ መጠናቀቅ ያለበት የአሮጌው ዘመን ሳያበቃ ነው። ምክር ቤቱ ከጊዜው በፊት ቢበተን እንኳ በስድስት ወር ውስጥ ምርጫ መደረግ አለበት። የአካባቢ ምርጫውን የሚያካሂደው በየግዛቱ የተቋቋመ ራሱን የቻለ የምርጫ ኮሚሽን ሲሆን፣ ኮሚሽነሩን የሚሾመው የግዛቲቱ አገረ ገዥ ቢሆንም ከሥልጣኑ ማንሣት የሚቻለው የግዛቲቱን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ለማንሣት በሚጠየቀው ሥርዓት ብቻ ነው።

አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው ለእያንዳንዱ ምክር ቤት ለብቻው መሆኑን ያስተዋልኩት 86 የሚለው ቁጥር ግራ አጋብቶኝ ነው። ኬረላ ያሏት አነስተኛ ከተሞች 87 ናቸው። አንዷ የት ሄደች ብዬ ስጠይቅ ማታኑር የምትባል በሰሜን የምትገኝ ከተማ እንደሆነች ተነገረኝ፤ ምክር ቤቷ ሥራ የጀመረው ከሌሎቹ በተለየ ጊዜ ስለሆነ ዘመኑም የሚያበቃው በተለየ ጊዜ ነው። በዚህም ምክንያት መላው ግዛት ሲመርጥ ማታኑር ቁጭ ብላ ታያለች፤ በኦገስት 2022 ደግሞ ብቻዋን መርጣለች። ለአስተዳደር ይመች ዘንድ ከሌሎቹ ጋር እናስተካክላት፣ አንድ ሁለት ዓመት እንጨምርላት ማለት ለእኛ አገር ሹም የአንድ ደብዳቤ ጉዳይ ይሆን ነበር። እዚያ ግን ሕገ መንግሥት ነውና አይነካም።

ወደ ምርጫው አሠራር ልግባ። ከተማው ዋርድ ወደሚባሉ ትንንሽ የምርጫ ክልሎች ይከፈልና ከእያንዳንዱ ዋርድ አንድ ሰው ብቻ ይመረጣል። ዋርዱ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የሰፈር ስምም አለው። ስንት ዋርድ ይኑር የሚለውን የግዛቲቱ የከተሞች ሕግ በቀመር ያስቀምጠዋል። ሕዝባቸው ከ20,000 ለማይበልጥ አነስተኛ ከተሞች 26 መቀመጫ ይሰጥና በየ2,500 ሰው አንድ እየጨመረ እስከ 53 ይደርሳል፤ ለኮርፖሬሽኖች ደግሞ ከ56 ተነሥቶ ከ101 አይዘልም። ባልደረባዬ በስልካቸው ያሳዩኝ የኮሚሽኑ የውጤት ገጽ ይህንኑ ተከትሎ የተሠራ ነው። ከተማዋ ስትነካ የዋርዶቹ ስም ይዘረዘራል፤ ዋርዱ ሲነካ የዕጩዎቹ ስም፣ የፓርቲያቸው ምልክትና ያገኙት ድምፅ ይወጣል። ቁጥሮቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ አሸናፊና ተሸናፊ የሚለያዩት አንዳንድ ቦታ አንድ ትልቅ ቤተ ዘመድ ሊሞላው በሚችል ልዩነት ነው። እርሳቸው የራሳቸውን ዋርድ ካዩ በኋላ የእኅታቸውን፣ ከዚያ የአማቻቸውን ሰፈር እየከፈቱ ስለ ተመራጮቹ ያጫውቱኝ ገቡ፤ ይኼኛው የትምህርት ቤት ጓደኛቸው ነው፣ ያቺኛዋ የጤና ሠራተኛ ናት፣ ያ ደግሞ ባለፈው ጊዜ ተሸንፎ ዘንድሮም የማይቀር ሰው ነው።

የመራጭ ዕድሜ 18፣ የተመራጭ 21 ነው። በ2020ው ምርጫ አንድ ዕጩ ሊያወጣ የሚችለው ገንዘብ በአነስተኛ ከተማ 75,000፣ በኮርፖሬሽን 150,000 ሩፒ ተብሎ ተወስኖ ነበር። ሕጉ የተጻፈውን ያህል ይከበራል ብዬ አልከራከርም፤ ዳሩ ግን ሰፈሩ ጠባብ በመሆኑ ያልተፈቀደ ድግስ የደገሰ ዕጩ ከጎረቤት ዓይን አያመልጥም። በድምፅ መስጫው ቀን መራጩ የግራ እጁን ጠቋሚ ጣት በማይለቅ ቀለም ያስነካና ወደ ማሽኑ ይሄዳል። የገጠር መራጭ ከእኛ መንደር፣ ወረዳና አውራጃ ጋር ለሚቀራረቡ ሦስት ምክር ቤቶች ሦስት ድምፅ ይሰጣል፤ የከተማ መራጭ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተጭኖ ይወጣል።

ከንቲባውን የሚመርጠው ሕዝቡ ሳይሆን ምክር ቤቱ ከአባላቱ መካከል ነው። ይህ በእኛም ሕግ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብኝ ድምፁ ምስጢር አለመሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ ተመራጭ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ጀርባ ላይ ስሙን ጽፎ ይፈርማል። ከ1999 ጀምሮ የኬረላ ሕግ በፓርቲ ስም ተመርጦ ፓርቲውን የከዳ ተመራጭ መቀመጫውን እንዲያጣና ለስድስት ዓመት እንዳይወዳደር ስለሚያደርግ፣ ማን ማንን እንደመረጠ መታወቅ አለበት። በዋና ከተማዋ በቲሩቫናንታፑራም ዘንድሮ የሆነውን ማየት ይበቃል። በህንድ የፌዴራል መንግሥቱን የሚመራው ፓርቲ ያለበት ኅብረት ከ101 መቀመጫዎች 50 አግኝቶ ለዘመናት የግራ ክንፉ ይዞት የነበረውን ከተማ ወሰደ፤ ከንቲባ ለማስመረጥ ግን የአንድ የግል ተወዳዳሪ ድጋፍ አስፈልጎታል። በፊርማ የሚመርጥ ምክር ቤት ውስጥ አንድ ሰው የት እንደቆመ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ፓርቲውን የከዳን የሚቀጣው ሕግ ተመራጭን ለፓርቲ ባሪያ ያደርጋል የሚለው ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ለሰፈሩ ሰው የሚጠቅም ውሳኔ የፓርቲው መሥመር ካልሆነ ተመራጩ አፉን ይዘጋል። የፊርማው ነገር ግን ለእኔ የሚጎዳ አይመስለኝም፤ ወክሎኝ የገባ ሰው እጁን ለማን እንዳወጣ የማወቅ መብት አለኝ።

የሴቶች መቀመጫ ጉዳይ ሰፋ አድርጌ ላነሣው የምፈልገው ነው። ሕገ መንግሥቱ ከመቀመጫዎቹ ከሲሶ የማያንሰው ለሴቶች እንዲለይ ያዛል፤ ኬረላ ከ2010 ምርጫ ጀምሮ ግማሹን አድርጋዋለች። የተለየው መቀመጫ በፓርቲ ዝርዝር ላይ የሚታደል አይደለም፤ የታወቁ ዋርዶች ለሴት ዕጩዎች ብቻ ይሆናሉ፤ በሚቀጥለው ምርጫ ተራው ወደ ሌሎቹ ዋርዶች ይዞራል። የከንቲባነቱ ወንበርም እንዲሁ በተራ ለሴት ይለያል። በዲሴምበር 2020 የቲሩቫናንታፑራም ተራ ለሴት ሆኖ ነበርና ሙዳቫንሙጋል ከሚባል ዋርድ የተመረጠችው የ21 ዓመቷ የኮሌጅ ተማሪ አርያ ራጄንድራን የከተማዋ ከንቲባ ሆነች። ዜናው ያኔ ዓለምን ዞሯል።

ባልደረባዬ ግን በዚህ ዜና ብዙም አይደነቁም። የእርሳቸው ቅሬታ ሌላ ነው። ዋርዱ ለሴት ሲሆን የነበረው ወንድ ተመራጭ ሚስቱን ያቀርባል፤ ስብሰባ የምትገባው እርሷ ስትሆን ስልኩን የሚያነሣው እርሱ ነው፤ አምስት ዓመቱ አልቆ ተራው ሲዞር ደግሞ ሥራውን የለመደችው ሴት ወንበሯን ለወንድ ለቃ ትወርዳለች። ሁለቱም ነገር እንደሚደረግ አምናለሁ። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያው የከፋ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም በሚቀጥለው ምርጫ ከዚያው ዋርድ የማይወዳደር ተመራጭ የዚያን ዋርድ ሰው የሚፈራበት ምክንያት ያንሳል። ተራ ማዞሩ ለፍትሕ ሲባል የመጣ ሆኖ ሳለ የተጠያቂነቱን ገመድ በየአምስት ዓመቱ ይበጥሰዋል። እንዲያም ሆኖ እርሳቸው ስለ ዋርዳቸው የቀድሞ ተመራጭ ሲያወሩ፣ ሚስት ተብላ የገባችው ሴት በሁለተኛው ዓመት ስልኳን ራሷ ማንሣት እንደጀመረች ጨምረው ነግረውኛል።

እስካሁን የጻፍኩትን ያነበበ ሰው ህንድ ውስጥ የከተማ ምርጫ እንደ ፋሲካ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል ብሎ ቢያስብ እኔ ነኝ ያሳሳትኩት፤ ይህ የኬረላ ወግ እንጂ የአገሪቱ ሁሉ አይደለም። የባጃጅ ፋብሪካ ያለባት የማሃራሽትራ ግዛት ዋና ከተማ ሙምባይ በፌብሩዋሪ 2017 ከመረጠች በኋላ የምክር ቤቱ ዘመን በማርች 2022 ሲያበቃ አዲስ ምርጫ አልተደረገም። 227 ዋርዶች ያሏት፣ በጀቷ ከአንዳንድ ግዛቶች በጀት የሚበልጥ ከተማ በአንድ ሹም እጅ ቆየች። ኋላ ቀር ተብለው ለተመደቡ ማኅበረሰቦች ምን ያህል መቀመጫ ይለይ በሚለው ክርክርና በዋርድ ክፍፍሉ ላይ ጉዳዩ በፍርድ ቤት ሲንከባለል ከርሞ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሜይ 2025 ምርጫው እንዲደረግ ካዘዘ በኋላ ሙምባይ የመረጠችው በጃንዋሪ 2026 ነው። ቤንጋሉሩም የምክር ቤቷ ዘመን በሴፕቴምበር 2020 ካበቃ በኋላ ለዓመታት ሳትመርጥ ቆይታ፣ በመሐሉ ከተማዋ ራሷ በአምስት ኮርፖሬሽን ተከፈለች። ቼናይም ከ2016 እስከ 2022 ያለ ተመራጭ ከርማለች።

ምክንያቶቹን ስናይ አንዳቸውም አስቂኝ አይደሉም። ዋርዶቹ እንደገና ይከለሉ፣ የሕዝብ ቁጥሩ ይጣራ፣ የኋላ ቀሮቹ ድርሻ በጥናት ይወሰን ይባላል፤ ሁሉም ለምርጫው ፍትሐዊነት የቀረቡ ናቸው። ምርጫ የማይፈልግ መንግሥት ምርጫ አልፈልግም አይልም፤ ይስተካከል ይላል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከአህመዳባድ ከተማ በቀረበለት ጉዳይ በ2006 እንዲህ ያለ ምክንያት አምስቱን ዓመት ሊያራዝም እንደማይችል ቢፈርድም፣ ፍርዱን ለማስፈጸም በየጊዜው ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል።

ታዲያ ኬረላ ለምን አመለጠች? ሕጉ አንድ ነው። የእኔ ግምት ከፓርቲዎቹ አኗኗር ጋር የተያያዘ ነው። በኬረላ የግራ ክንፉና ኮንግሬስ የሚባለው ፓርቲ የሚመራው ኅብረት ሥልጣን ሲለዋወጡ ስለኖሩ፣ በግዛት ደረጃ የተሸነፈው ወገን የሚኖረው በየከተማውና በየመንደሩ በያዛቸው መቀመጫዎች ነው። ዛሬ ምርጫ ያስቀረ ፓርቲ ነገ እርሱ ሲሸነፍ መጠጊያ ያጣል። ገንዘብም አለበት። በ1996 በተጀመረው የሕዝብ ዕቅድ ዘመቻ ግዛቲቱ ከልማት በጀቷ ከ35 እስከ 40 ከመቶ የሚሆነውን ለአካባቢ ምክር ቤቶች ስለለቀቀች፣ ተመራጩ የሚያዝበት ነገር አለው፤ ሰውም ባዶ ወንበር ሲያይ ዝም አይልም። የኮሮና ዘመን ይህን ፈትኖታል። ምክር ቤቶቹ በኖቬምበር 2020 ዘመናቸውን ሲጨርሱ ወረርሽኙ ስለነበር ሹሞች ወንበሩን ያዙ፤ የቆዩት ግን አንድ ወር ያህል ነው። ምርጫው በዲሴምበር በሦስት ዙር ተደረገ፤ በበሽታው የተያዘ ሰው በልዩ ወረቀት ድምፁን ሰጠ፤ ዘግይቶ የታወቀበት ደግሞ በመጨረሻዋ ሰዓት መከላከያ ልብስ ለብሶ መርጧል። ከመራጩ ከመቶ 75 በላይ የሚሆነው ወጥቷል።

በዚያው ዓመት እኛ ለነሐሴ 2012 ዓ.ም. ታቅዶ የነበረውን ጠቅላላ ምርጫ በዚያው በሽታ ምክንያት አራዝመን ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. አካሄድን። ያ ምርጫ ለሕዝብ ተወካዮችና ለክልል ምክር ቤቶች፣ በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ደግሞ ለከተማ ምክር ቤቶች ነበር። ባሕር ዳር ለከተማ ምክር ቤቷ በዚያን ቀን አልመረጠችም። በአገሪቱ የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው፤ በ2010 ዓ.ም. መደረግ የነበረበት ተራዘመ፤ ከዚያ ወዲህ የሆነውን፣ ክልላችንም ያለበትን ሁኔታ፣ አንባቢዬ ከእኔ እኩል ያውቀዋል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። በቂ የሚለው ምን ያህል እንደሆነ፣ ምክር ቤቱ ስንት ዓመት እንደሚቆይና ዘመኑ ቢያልፍ ምን እንደሚሆን ግን ለክልሎች ትቶታል።

ቀኑ ብቻ አይደለም ችግሩ። በ2000 ዓ.ም. እና በ2005 ዓ.ም. በተደረጉት የአካባቢ ምርጫዎች የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር እስከ 300 ደርሶ ነበር። ሕዝቡን በስፋት ለማሳተፍ ነው ተብሎ ነበር። ከዚያ ዘመን አባላት አንዷ ጎረቤቴ ስለሆኑ አንድ ቀን ቡና ላይ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ምክር ቤት ነበሩ» አልኳቸው። «ነበርኩ፣ ልጄ» አሉኝ፤ «ስንሰበሰብ አዳራሹ አይበቃንም ነበር፤ ግማሾቻችን ደጅ ቆመን ነው የምንሰማው። ማን ምን እንደወሰነ ግን እንጃ።» ሦስት መቶ ሰው የተወከለበት ሰፈር አንድም ወኪል እንደሌለው ሰፈር ነው። አቤቱታ ያለው ሰው ከሦስት መቶው የማንን በር ያንኳኳል? ከሦስት መቶው አንዱ ቢሠራ ማን ያመሰግነዋል? ባይሠራ ማን ያውቅበታል?

በእኛ ሰፈር ቀኑን ጠብቆ የሚደረግ ምርጫ ቢኖር የዕድሩ ነው። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ በጠቅላላ ጉባዔ ይመረጣሉ፤ ድንኳኑ ተቀድዶ ቢገኝ ወይም የወጣው ገንዘብ ከደረሰኙ ጋር አልገናኝ ቢል በወሩ ስብሰባ ላይ በስም ተጠርተው ይጠየቃሉ። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ግን የዕድሩ ሥራ አይደለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ከላይ የሚመጣው ውኃ ፕላስቲክ ጠርሙሱንና የጫት ገረባውን ጠርጎ ያመጣና ከድልድዩ ሥር ይወትፈዋል፤ ውኃው ወደ ግቢ ይገባል። ማመልከቻ ይዘን የሄድንበት አንድ ቢሮ ወደ ሌላው መራን፤ ሌላውም ጉዳዩ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ነው አለ። በመጨረሻ አዋጥተን አስጠረግነው፤ የጠረገው ልጅ ያወጣው ደለል ደግሞ ከቦዩ ዳር ተከምሮ ስለቀረ በቀጣዩ ዝናብ ተመልሶ ገባ።

አላፑዛም ያለችው በቦይ ላይ ነው። ከተማዋ ቬምባናድ ከሚባለው ሐይቅ ጋር በተገናኙ የድሮ የንግድ ቦዮች የተሸነሸነች ስትሆን፣ እምቦጭ እዚያም ቦዮቹንና ሐይቁን ሲሸፍን የኖረ ጠላት ነው። ቆሻሻዋን ከከተማ ውጭ ባለ መንደር ስትደፋ ኖራ፣ በ2012 የመንደሩ ሰዎች መኪና አናስገባም ብለው መንገድ ሲዘጉባት የከተማው ቆሻሻ በየመንገዱ ተከመረ። ያን ጊዜ የተጀመረው ዘመቻ ቆሻሻው ከተፈጠረበት ቤት እንዳይወጣ የሚያደርግ ነበር። የወጥ ቤት ትርፍራፊ በየግቢው በሚተከል የማዳበሪያ ቱቦ ወይም በትንሽ ባዮጋዝ ማብላያ እንዲያልቅ፣ ግቢ የሌለው ደግሞ በሰፈሩ ወደተሠራ የማዳበሪያ ሳጥን እንዲወስድ ተደረገ። ሥራው የተጀመረው በከተማው ሁሉ ሳይሆን በጥቂት ዋርዶች ነው። በ2017 የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በቆሻሻ አያያዝ ምሳሌ ናቸው ካላቸው አምስት ከተሞች አንዷ አላፑዛ ስትሆን፣ ኦሳካና ሉብልያና አብረዋት ተጠቅሰዋል። የመንደሩ ሰዎች መንገድ ባይዘጉ ኖሮ ይህ ሁሉ ይመጣ ነበር ብዬ አላምንም። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ ግን በየሰፈሩ በር እያንኳኳ ቱቦ ትከሉ የሚል፣ ስሙ የሚታወቅ ሰው መኖሩ ጠቅሟል።

ምርጫ ቆሻሻ ያነሣል እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ከአላፑዛ ብዙም የማትርቀው ኮቺም ምክር ቤቷን በሰዓቱ የምትመርጥ ከተማ ናት፤ ሆኖም ብራህማፑራም የሚባለው የቆሻሻ ማከማቻዋ በማርች 2023 ተቃጥሎ ከተማዋ ከአንድ ሳምንት በላይ በጭስ ታፍና ሰንብታለች፤ የአገሪቱ የአካባቢ ፍርድ ሸንጎም ኮርፖሬሽኑን አንድ ቢሊዮን ሩፒ ቀጥቶታል። በጣና ላይ የተንሰራፋውን እምቦጭም የባሕር ዳር ምክር ቤት ብቻውን ቢመረጥም ባይመረጥም አያጠፋውም፤ የክልልና የፌዴራል ገንዘብ፣ የሰሜኑና የምሥራቁ ዳርቻ ገበሬዎች ጉልበት ይጠይቃል። ከከተማው ወደ ሐይቁ የሚለቀቀው ፍሳሽ ግን የሌላ የማንም አይደለም።

የኬረላን ቀመር ወስጄ በእኛ ከተማ ላይ ሞክሬዋለሁ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ የባሕር ዳር ሕዝብ ከ150,000 በላይ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ በእጅጉ እንደሚበልጥ የማይክድ የለም። በአነስተኛ ከተማ ሕግ ብንቆጠር ጣሪያው ላይ ደርሰን 53፣ በኮርፖሬሽን ሕግ ሕዝባችን ከ400,000 ካላለፈ 56 ተመራጮች ይኖሩናል። በስድስቱ ክፍለ ከተሞች ሲካፈል ለእያንዳንዱ ዘጠኝ ያህል ሰው ነው። ካርታ ዘርግቼ፣ ሰው ዛሬም በቁጥራቸው የሚጠራቸውን የድሮ ቀበሌዎች እየተከተልኩ ዋርዶቹን በእርሳስ ከፋፈልኳቸው። የህንድ ከላዮች ወሰን ሲያሰምሩ ዓይን የሚያየውን፣ መንገድን፣ ወንዝንና ቦይን፣ እንደሚከተሉ አንብቤ ስለነበር እኔም እንዲያ አደረግኩ፤ ስጨርስ የእኛ ቦይ በሁለት ዋርዶች ወሰን ላይ ዋለ። ለባልደረባዬ ባሳያቸው ሳቁ። እርሳቸው ያደጉበትም መንገድ በወሰን ቦይ ዳር ስለሆነ፣ ሁለቱ ተመራጮች ደለሉን አንዱ ወደ ሌላው ሲገፋው እንደኖሩ ነገሩኝና እርሳሱን ተቀብለው ወሰኑን ቦዩን ዘልለው ወደሚቀጥለው አስፋልት አሻገሩት።